አንድ ጋት ጨለማ፦ ብልሽት መፈለግን ስለ ማስተማር

በከተማችን አዳዲስ ቤቶችና ካፌዎች ውስጥ፣ በጂፕሰም ኮርኒስ ጠርዝ ተሸሽጎ ቀለሙን እየለዋወጠ የሚያበራውን ቀጭን የመብራት ጥብጣብ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሻጮቹ «ስትሪፕ» ይሉታል። አምስት ሜትር ሆኖ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ከአንድ ትንሽ ኮንትሮለርና ከሪሞት ጋር ይመጣል፤ እንደ ባለቤቱ ፈቃድም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ወይም የሦስቱ ድምር የሆነውን ነጭ ያበራል። እኔም በልጆቼ ውትወታ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱን በሳሎኔ ኮርኒስ ዙሪያ አስገጥሜ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ጌጥ ባለፈው ዓመት ተበላሽቶ ያደረሰብኝ ኀፍረት ነው። ኀፍረቱ የግሌ ቢሆንም መንስኤው በፋኩልቲያችን ላቦራቶሪዎች ውስጥም ስላለ፣ ውድ አንባብያን ጥቂት ይታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ምሽት ነው። መብራቱ በነጭ ላይ ሳለ ባለቤቴ ቀና ብላ፣ «ይኼ ነገር የወፍ በሽታ ይዞታል እንዴ?» አለች። እውነትም ከመነሻው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ በአያቶቻችን ልኬት አንድ ጋት ገደማ፣ ብጫ ሆኗል፤ ከእርሱ ወዲያ ያለው ነጭ ነው። ጥቅሉ ወደሚያልቅበት ጥግ ስንመለከት ደግሞ ነጩ ቀስ በቀስ ወደ ቀይ እያደላ ሄዶ መጨረሻው ላይ ብርቱካን ሊመስል ምንም አልቀረውም። ይህ ሁለተኛው ምልክት መብራቱ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ የነበረ መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው፤ ብጫዋን እስክናይ ድረስ ወደዚያ ጥግ አስተውሎ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

በሁለቱም ቦታ የጎደለው ሰማያዊ ብርሃን መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከነጭ ላይ ሰማያዊ ሲቀነስ ብጫ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው አብረው ሲደክሙ ደግሞ ወደ ቀይ ያደላ ቀለም እንደሚቀር በየዓመቱ አስተምራለሁ። ለሁለት ምልክት አንድ መንስኤ መፈለግም የሙያችን ልማድ ነው። ሰማያዊው ዳዮድ ከቀዩ ይልቅ ከፍ ያለ ቮልቴጅ እንደሚፈልግ ስለማውቅ፣ «ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፤ አስቀድሞ የተጎዳውም ብዙ የሚጠይቀው ሰማያዊው ነው» ብዬ ደመደምሁ። መላምቱ ያማረ ነበር። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። ኮንትሮለሩ ይሆናል ብዬ ኮንትሮለር ገዛሁ፤ አሁንም ለውጥ የለም። ያወጣሁትን ገንዘብ ባልናገር ይሻላል። በመጨረሻ አምስቱንም ሜትር አንሥቼ ልጥል ስሰናዳ፣ በሰፈራችን በአንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት የሚሠራ ወጣት «ከመጣልዎ በፊት እስቲ ልየው» አለኝ። ሲመጣ ቴስተር እንኳ አልያዘም ነበር።

ወንበር ላይ ወጥቶ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሪሞቱን ያቀብሉኝ» አለ። ሰማያዊውን ብቻ አበራ። ያቺ አንድ ጋት ሙሉ በሙሉ ጨለመች። ቀልቶ የነበረው የመጨረሻው ጥግ ግን ደኅና ሰማያዊ ሆኖ በራ።

«ሁለት በሽታ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ። «አንዱ እዚሁ ነው። ሌላው መብራቱ ኃይል ስላነሰው ነው፤ መስመሩ ቀጭን ነው፣ መንገዱ ረዥም ነው።»

እኔ በሦስት ሳምንትና በሁለት ግዢ ያልለየሁትን፣ እርሱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለየው።

ያየውን ለመረዳት የጥብጣቡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የእኔ ዓይነቱ በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን በአንድ ሜትር ውስጥ 30 ነጫጭ አራት ማዕዘን መብራቶች አሉት። የእያንዳንዷ ጎን 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውስጧም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያመነጩ ሦስት ዳዮዶች ተቀምጠዋል። ሦስት ሦስት መብራቶች አንድ ክፍል ይሆናሉ፤ በክፍሎቹ መካከል ጥብጣቡን መቁረጥ የሚፈቀድበት መስመር፣ ብዙ ጊዜም የመቀስ ሥዕል፣ ታትሞ ይታያል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ሰማያዊ ዳዮዶች ከአንድ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ተያይዘዋል፤ ሦስቱ ቀዮችና ሦስቱ አረንጓዴዎችም እንዲሁ። ክፍሎቹ ግን እርስ በርሳቸው የተያያዙት በትይዩ ነው፤ በአምስት ሜትር ውስጥ 50 ክፍሎች አሉ ማለት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱት መስመሮች አራት ብቻ ናቸው፦ አንዱ የሦስቱም ቀለሞች የጋራ ፖዘቲቭ፣ ሦስቱ የየቀለሙ መመለሻ።

እንግዲህ የጨለማው ቅርጽ የሰርኪዩቱን ቅርጽ ይናገራል። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ሦስቱም ሰማያዊዎች አብረው ከጠፉ፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለው ደኅና እስከሆነ ድረስ፣ ፓወር ሰፕላዩም ሆነ ኮንትሮለሩ ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው፤ ተከታታይ የሆነው ያ አጭር ሰንሰለት አንድ ቦታ ተበጥሷል። ከአንድ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ቀለም ከጠፋ ደግሞ የተቋረጠው የዚያ ቀለም ረዥም መመለሻ መስመር ነው፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም የግማሽ ግማሽ ሜትር ቁራጮች የተበየዱበት መጋጠሚያ ይሆናል። አንድ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ከሌለ ከኮንትሮለሩ የሚወጡትን ሁለት የቀለም ሽቦዎች ማቀያየር ነው፤ የጠፋው ቀለም ሌላ ከሆነ ጥፋቱ በኮንትሮለሩ ዘንድ ቀርቷል፣ ያው ቀለም እንደጠፋ ከቀጠለ ግን ጥፋቱ በጥብጣቡ በኩል ነው። ከሦስቱ አንዷ ብቻ ጠፍታ ሁለቱ ይበልጥ ከደመቁ ነገሩ መበጠስ ሳይሆን ሾርት ነው፤ የአንዷ ድርሻ ቮልቴጅ በሬዚስተሩ ላይ ስለሚወድቅ በሰማያዊው ሰንሰለት ውስጥ ኮረንቱ እጥፍ ያህል ይሆናል፣ የቀሩት ሁለቱም ዕድሜያቸው አጭር ነው። እያንዳንዷ መብራት የራሷ ማይክሮ ቺፕ ያላትና ትእዛዙን ከጎረቤቷ ተቀብላ ለሚቀጥለው የምታቀብልበት ሌላ ዓይነት ጥብጣብም አለ። በእርሱ ላይ አንዷ ትእዛዝ ማቀበል ካቆመች ከእርሷ ወዲያ ያሉት ሁሉ ትእዛዝ ያጣሉ፤ ተጠርጣሪዎቹም ሁለት ብቻ ናቸው፣ የመጨረሻዋ በሪና የመጀመሪያዋ ጨላሚ። የመጨረሻዋ በሪ ራሷ እየበራች ትእዛዝ የማታሳልፍ ልትሆን እንደምትችል ብዙ ሰው አይጠረጥርም።

ወጣቱ በእርሳስ ጫፍ ላይ ባለው ላጲስ ሦስቱን መብራቶች ተራ በተራ ጫን ጫን አደረጋቸው። ሁለተኛይቱን ሲጫን ሦስቱም ሰማያዊዎች በአንድነት ቦግ አሉ፤ ሲለቅቅ ጠፉ። የብየዳ ነጥቧ ተሰንጥቃ ኖሯል። ጥብጣቡ በኮርኒሱ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ የተጨነቀችው እርሷ ነበረች። መብራቱን አጥፍቶ ነጥቧን በመበየጃው ቢነካት ያቺ ጋት ነጣች። ለሁለተኛው በሽታ ከኮንትሮለሩ አራት ወፈር ያሉ ሽቦዎችን ስቦ በኮርኒሱ ውስጥ አሳለፈና ከጥብጣቡ የመጨረሻ ጫፍ ጋር አገናኛቸው፤ ኮረንቱ ከሁለቱም ጫፍ እንዲገባ ሆነ። ቅላቱም ለቀቀ።

እዚህ ላይ ይበልጥ ያፈርሁበትን ልንገራችሁ። የሁለተኛው በሽታ መልስ በየሴሚስተሩ በሰሌዳ ላይ የምጽፈው ትምህርት ነው። የቀይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 625 ናኖ ሜትር ገደማ በመሆኑ የአንዱ ፎቶን ጉልበት 2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው፤ የሰማያዊው 470 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ 2.6 ይደርሳል። በመሆኑም ቀዩ ዳዮድ በ2 ቮልት ገደማ ሲበራ ሰማያዊው 3.2 ያህል ይፈልጋል። (አረንጓዴው የፎቶኑ ጉልበት ከሰማያዊው ያነሰ ቢሆንም፣ የሚሠራው ከዚያው ከጋልየም ናይትራይድ ቤተሰብ ስለሆነ የሚፈልገው ቮልቴጅም ከሰማያዊው ጋር ይቀራረባል። ይህ ቁስ ቀላል ታሪክ የለውም፤ ኒክ ሆሎንያክ በዓይን የሚታይ ቀይ ዳዮድ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሳየ በኋላ ደማቅ ሰማያዊ እስኪገኝ ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ ፈጅቷል፤ ለዚህ ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።) ሦስት ቀዮች በተከታታይ ሲሆኑ 6 ቮልት ይወስዳሉ፣ ለሬዚስተሩ 6 ይተርፋል። ሦስት ሰማያዊዎች 9.6 ይወስዳሉ፣ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 2.4 ብቻ ነው። አሁን በቀጭኑ የመዳብ መስመር ርዝመት ምክንያት ከ12 ቮልቱ ላይ 1 ቮልት ጠፋ እንበል። የቀዩ ኮረንት በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ የሰማያዊውና የአረንጓዴው ግን በዐርባ በመቶ። ኮረንቱ ሲቀንስ ዳዮዶቹ ራሳቸው የሚወስዱት ቮልቴጅ በመጠኑ ስለሚወርድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ ነገር ግን ነጩ የቀላው በዚህ ነው።

ታዲያ ሰማያዊው ብቻውን ሲበራ ጥጉ ለምን ደኅና ሆነ? እያንዳንዱ ክፍል ለየቀለሙ 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ለ50 ክፍሎች በቀለም 1 አምፔር መሆኑ ነው። በነጭ ጊዜ የጋራው ፖዘቲቭ መስመር የሦስቱንም፣ ማለትም 3 አምፔር፣ ይሸከማል፤ በሰማያዊ ብቻ ግን 1 አምፔር። አራቱ መስመሮች እኩል ውፍረት አላቸው ብንል፣ በመሄጃውና በመመለሻው የሚጠፋው ቮልቴጅ ድምር በነጭ ጊዜ የአንድ ቀለሙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ሲበሩ ብቻ የሚታይ ሕመም የዳዮዱ ሕመም ሊሆን አይችልም። ወጣቱ ይህን ስሌት አላሰላም፤ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ግን ያውቅ ነበር። እኔ ስሌቱ ነበረኝ፤ ጥያቄው አልነበረኝም።

ብልሽት ፍለጋን ዝቅ አድርጎ ለሚያይ አንድ ታሪክ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን፣ ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ውስጥ አልፈው ኢጣልያ፣ ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖዎች ከብርሃን በ60 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ቀድመው መገኘታቸውን አስታወቀ። ዓለም ስለ አንስታይን መጨረሻ ሲያወራ ከረመ። በ2012 መጀመሪያ የተገለጸው ምክንያት በሚገባ ያልተጠበቀ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር፤ ከእርሱም ጋር ትክክለኛ ፍጥነቱን ያልጠበቀ የሰዓት መሣሪያ ተገኘ። ሁለቱ ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ከፊል ይሸፍን ነበር። እዚያም ሁለት በሽታ ነው። ያን ገመድ የመረመሩት ሰዎች የሠሩት ፊዚክስ አልነበረም የሚል ካለ ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በሁለተኛ ዓመት ላቦራቶሪ የዊትስቶን ድልድይ ሙከራ ስመራ፣ የአንድ ቡድን ጋልቫኖሜትር ዜሮ ላይ አልቆም አለ። ሦስቱ ተማሪዎች ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅተው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያወጡና እየቀያየሩ፣ በመጨረሻ አንደኛው ሽቦ ከመሰኪያው አጠገብ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደተበጠሰ አገኙ። ያቀረቡልኝ ሪፖርት የፍለጋውን ሂደት የሚተርክ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ የመለኪያ ሠንጠረዡ ባዶ ነው። ከአሥር ሦስት ሰጠኋቸው። በዚያው ቀን አንድም ነጥብ ከመስመር ያልወጣበት፣ ከሰማይ የወረደ የሚመስል ግራፍ ላቀረበ ሌላ ቡድን ዘጠኝ ሰጠሁ፤ ያን ግራፍ በዚያ መሣሪያ ማግኘት እንደማይቻልም አውቅ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ «መምህር፣ እኛ እኮ ያገኘነው እውነት ነው» አለችኝ። የመለስሁላት ስለ ሪፖርት አቀራረብ ደንብ ነበር። ያን ወጣት ወንበር ላይ ቆሞ ሳየው ያስታወስሁት ይህን ነው።

ተማሪዎቻችን የተሰጣቸውን መሣሪያ የተሰጣቸውን መልስ እንዲያወጣ ማድረግን ይማራሉ። መልሱ አስቀድሞ በማኑዋሉ ላይ ስላለ ያልሆነላቸው ሰዎች ሁለት ምርጫ አላቸው፦ ከጎረቤት መገልበጥ ወይም ቴክኒሺያኑን ጠርቶ «አይሠራም» ማለት። ቴክኒሺያኑ ይመጣል፣ አንድ ነገር ይነካል፣ ይሠራል፤ ምን እንደነካ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ተምሮ የተመረቀ ሰው መምህር ሲሆን እንደ እኔ ያማረ መላምት ይዞ ገበያ ይሄዳል።

አንድ የማከብረው ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ይህ የቴክኒክና ሙያ ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ መርሑን ማስተማር ነው» አለኝ። እኔ ግን ለዶክትሬት ጀርመን አገር ሳለሁ የመጀመሪያ ዓመቴን አራት ወር ያጠፋሁት በቫክዩም ክፍላችን ላይ ቀዳዳ ስፈልግ ነው። በየመጋጠሚያው ላይ ሂሊየም በቀጭኑ እየረጩ፣ ጋዙ ወደ ውስጥ ሲገባ በመለኪያው ላይ እስኪታይ መጠበቅ ነው ሥራው። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ስለ እነዚያ አራት ወራት አንድ መስመር የለም፤ ያለ እነርሱ ግን የቀረው ገጽ ሁሉ አይኖርም ነበር። ከዚያ ተመልሼ በቤቴ መብራት የተሸነፍሁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፍለጋን የተማርሁት ለዚያ ዕቃ ብቻ ነበር። ለሌላ ዕቃ የሚያገለግል ሥርዓት አድርጎ ያስተማረኝ አልነበረም፣ እኔም ለማንም አላስተማርሁም።

ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ከባድ ወጪ የለበትም። በኤሌክትሪሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለብልሽት ፍለጋ ይሰጥ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሜትር ጥብጣብ፣ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ኮንትሮለርና ቴስተር ይውሰድ። ብልሽቱን ቴክኒሺያኑ አስቀድሞ ያስገባል፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት ብልሽት ያስገባል፣ ሁለት መሆናቸውንም አይናገርም። 220 ቮልት የሚገባበት በኩል ተዘግቶ ይቆያል፣ ማንም ተማሪ ፓወር ሰፕላይ አይከፍትም። ተማሪው ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ምን እንደሚጠብቅ፣ ከልኬቱ በኋላም የትኛው ተጠርጣሪ ነጻ እንደወጣ በደብተሩ ይጻፍ። ውጤት የሚሰጠው ለዚህ ጽሑፍ ነው፤ ብልሽቱን ሳያገኝ ከአንድ ሜትር ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ያጠበበ ተማሪ፣ በዕድል ነክቶ ካበራው የተሻለ ነጥብ ያግኝ። መሣሪያው ራሱም ይጠርጠር፤ ብዙ ርካሽ ቴስተሮች ዳዮድ ሲፈትሹ የሚያወጡት ቮልቴጅ ቀዩን ደብዘዝ አድርጎ ሲያበራ ለሰማያዊው አይበቃም፤ ይህን ያላወቀ ተማሪ ጤነኛውን ሰማያዊ ሞቷል ብሎ ይጽፋል። መልሱ ከቡድን ወደ ቡድን ይተላለፋል ለሚሉ፣ የብልሽቱን ቦታ በየሳምንቱ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዕቃ ይጠፋል ለሚሉ ደግሞ፣ የሚያስፈልገን ዕቃ አስቀድሞ የተበላሸ ነው።

የጥገና ቤቱ ወጣት ደንበኞች ጥለዋቸው የሄዱ ዐሥራ አንድ ቁራጭ ጥብጣቦች በነጻ ሰጥቶኛል። የእያንዳንዱን ብልሽት ከእርሱ ጋር ለይተን፣ በታሸገ ፖስታ ጽፈን ከየቁራጩ ጋር አስቀምጠናል፤ የአንዱን ግን እርሱም እኔም እስካሁን አላገኘነውም፣ ፖስታውም ባዶ ነው። ሁሉም በሁለተኛ ዓመት ላቦራቶሪ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። መሞከር የሚፈልግ መምህርም ሆነ ተማሪ ቁልፉን ከቴክኒሺያኑ መውሰድ ይችላል።